እንዶዱ ተመረመረ፤ ጀሪካኑስ?

አንድ ሳሙና ዓይን የሚጎዳ መሆኑ በምን ይታወቃል? ለብዙ ዓመታት የዓለም መልስ «በጥንቸል» የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የሚሠራው ጆን ድሬዝ ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ዘዴ አሳተመ። የሚመረመረው ፈሳሽ በጥንቸሏ አንድ ዓይን ውስጥ ጠብ ይደረጋል፤ ሌላኛው ዓይን ለማነጻጸሪያ ይተዋል። በ24፣ በ48 እና በ72 ሰዓት ዓይኑ ምን ያህል እንደቀላ፣ እንዳበጠ፣ ብሌኑ እንደደበዘዘ እየታየ ነጥብ ይሰጣል። በቆዳም ላይ ተመሳሳይ ሙከራ አለ። ዘዴው ለአሥርት ዓመታት የመንግሥታት መመሪያ ሆኖ ቆየ። በኋላ ግን ጭካኔው ሰውን አስቆጣ። እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ በመዋቢያ ኩባንያዎች ላይ ትልቅ ዘመቻ ተነሣ። በ2013 የአውሮፓ ኅብረት በእንስሳት ላይ የተሞከረ መዋቢያ ገበያው ውስጥ እንዳይሸጥ ሙሉ በሙሉ ከለከለ።

በእንጅባራና በዳንግላ ግን ሙከራው ቀጥሏል። ልዩነቱ ጥንቸል የለችም። በሰው ቤት እየዞረች ልብስ የምታጥብ ሴት አለች። ሆቴል ጓዳ ከጠዋት እስከ ማታ ሰሃን የምታጥብ ልጅ አለች። ጭንቅላቱን ሲታጠብ «ዓይኔን! ዓይኔን!» እያለ የሚጮኽ ሕፃን አለ። ለጥንቸሏ ቢያንስ በ24 ሰዓት፣ በ48 ሰዓት ዓይኗን አይቶ የሚመዘግብ ሰው ነበራት። ለእነዚህ መዝጋቢ የላቸውም። እጇ የተላጠ ሴት «ሳሙናው እጅ ይበላል» ብላ ታልፋለች፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

ክርክሩ አጭር ነው። ለሕዝብ የሚሸጥ አረፋ ሰጪ ኬሚካል ሁሉ፣ ከመሸጡ በፊት በቆዳና በዓይን ላይ የሚያደርሰው ጉዳት መለካት አለበት። ለዚህ ሚሊዮን ብር አያስፈልግም። የመጀመሪያው እርምጃ ከአንድ ቁራጭ ወረቀትና ከአንድ ሚዛን አያልፍም። ሳይደረግ የቀረውም ስለማይቻል አይደለም። የሚላጠው እጅ የማን እጅ እንደሆነ ስለሚታወቅ ነው።

◆ በጀሪካኑ ውስጥ ምን አለ?

«ላርጎ» የሚለው ቃል ዛሬ የፈሳሽ ሳሙና ሁሉ የወል ስም ሆኗል፤ «ኦሞ» የዱቄት ሳሙና ሁሉ መጠሪያ እንደሆነው። በአገሪቱ ከተሞች ሁሉ ሁለት ዓይነት ላርጎ ይሸጣል። አንዱ የፋብሪካ ስም፣ አድራሻና የምርት ቀን ያለበት ነው። ሌላው በግቢ ተበጥብጦ፣ በጀሪካን ተጭኖ፣ በባዶ የውኃ ሃይላንድ እየተቀዳ የሚሸጠው ነው። ሁለተኛው ስምም ቀንም የለውም። ቢያቃጥል የሚጠየቅ ሰው የለም። ገዢው የሚያውቀው ቀለሙን፣ ሽታውንና ዋጋውን ብቻ ነው።

አሠራሩ ምስጢር አይደለም። ዋናው ግብዓት ነጋዴው «ላብሳ» የሚለው ወፍራም ቡናማ ፈሳሽ ነው። ላብሳ ገና ሳሙና አይደለም፤ ብርቱ አሲድ ነው። አጣቢ የሚሆነው በኮስቲክ ሶዳ ሲገራ ነው። ኮስቲክ ሶዳ ደግሞ በተቃራኒው ሥጋ የሚበላ አልካሊ ነው። ሁለቱ በልክ ከተገናኙ አንዱ የሌላውን ክፋት ያጠፋል። ልኩ ከተዛባ የተረፈው አሲድ ወይም አልካሊ በጠርሙሱ ውስጥ ይቀመጣል። ማቅለሚያና ሽቶ ሲጨመርበት ደግሞ ጥሩው ከመጥፎው በዓይን አይለይም።

ሶዳው በዝቶ ወደ ሰው ዓይን ቢገባ ጉዳቱ ይከፋል። አሲድ የነካውን ፕሮቲን ስለሚያረጋ ብዙውን ጊዜ ራሱን በራሱ ያግዳል። አልካሊ ግን የሕዋሱን ቅባት ወደ ሳሙና እየለወጠ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ሰውየው ሕመሙ ቀለል ያለለት መስሎት ሲቀመጥ አልካሊው ሥራውን ሊቀጥል ይችላል። የዓይን ሐኪሞች የአልካሊ ቃጠሎን አጥብቀው የሚፈሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ልኩ ቢስተካከልም ነገሩ አያልቅም። ሳይንሱ «ሰርፋክታንት» የሚለው አጣቢ ኬሚካል ሁሉ አንድ ጠባይ አለው። የቅንጣቱ አንድ ጫፍ ውኃ ይወዳል፤ ሌላው ጫፍ ቅባት ይወዳል። ቅባት ወዳዱ ጫፍ የሰሃኑን ዘይት ይይዛል፤ ውኃ ወዳዱ ጎትቶ ይዞት ይወጣል። ችግሩ የሰሃኑን ቅባት ከእጅ ቅባት አለመለየቱ ነው። የሰው ቆዳ ላይኛው ሽፋን እንደ ግንብ ነው። ድንጋዮቹ የደረቁ ሕዋሳት ናቸው፤ በመካከል ያለው ጭቃ ቅባት ነው። ሰርፋክታንቱ ጭቃውን ሲያወጣው ግንቡ ይሳሳል፤ ውኃ ከውስጥ ይተናል፤ ከውጭ የሚገባው ይበዛል። ቆዳው ይደርቃል፣ ይቀላል፣ ይሰነጠቃል። ጤነኛ ቆዳ በተፈጥሮው በመጠኑ አሲዳማ ነው፤ የፒኤች ልኩ 5 አካባቢ ነው። ተራ የደረቅ ሳሙና 9 እና 10 ይደርሳል። በቀን አንድ ጊዜ እጅን መታጠብ ቆዳ የሚችለው ነገር ነው። በቀን አራትና አምስት ሰዓት እጅን ነክሮ መዋል ሌላ ነገር ነው።

ሰርፋክታንት ሁሉ ደግሞ እኩል አይደለም። ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት የተባለው ቆዳን በማስቆጣት የታወቀ ከመሆኑ የተነሣ የቆዳ ተመራማሪዎች ለሙከራ እንደ መለኪያ ይጠቀሙበታል። የቅርብ ዘመዱ ሶዲየም ላውሬት ሰልፌት ከእሱ ይለዝባል። ቤታይን የሚባለው ሲቀላቀልበት የሁለቱ ድምር ጉዳት ይቀንሳል። ጀርም ለመግደል የሚጨመሩት እንደ ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ ያሉት ደግሞ ጠንከር ብለው ዓይን ውስጥ ሲገቡ ከሁሉም ይብሳሉ። እንግዲህ «ሳሙና ሳሙና ነው» የሚለው አባባል ስህተት ነው። የትኛው፣ በምን መጠን፣ ከምን ጋር ተቀላቅሎ፣ ለስንት ሰዓት የሚለው ሁሉ ልዩነት ያመጣል። ይህንን ልዩነት የሚያውቀው የለካ ሰው ብቻ ነው።

◆ እንዶድን ያየ ዓለም

የኢትዮጵያ ሕዝብ ሰርፋክታንትን ከፋብሪካ አልተማረም። እናቶች ነጠላና ጋቢ በእንዶድ ያነጡ ነበር። በእንዶድ ፍሬ ውስጥ ያለው አረፋ ሰጪ ነገር ሳፖኒን ይባላል፤ የተፈጥሮ ሰርፋክታንት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ነው። ግኝቱ ትልቅ ነበር፤ ድሃ ገበሬ በጓሮው በሚያበቅለው ተክል አንድ ከባድ በሽታ መዋጋት የሚችልበት መንገድ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1989 ዶክተር አክሊሉ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ።

በግኝቱና በሽልማቱ መካከል 25 ዓመት አለፈ። ከእንቅፋቶቹ ዋናው የደኅንነት ማስረጃ ጥያቄ ነበር። እንዶድ ውኃ ውስጥ ከመጨመሩ በፊት በዓለም አቀፍ መመሪያና ደረጃውን በጠበቀ ላቦራቶሪ መመርመር አለበት ተባለ። በኢትዮጵያ የተሠራው ሥራ በቂ ሆኖ አልታየም። ዶክተር አክሊሉ በዚህ አያያዝ ክፉኛ አዝነው በአደባባይ ተናገሩ። በመጨረሻ ምርመራው በውጭ ድጋፍ ተደረገ፤ ውጤቱም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ታተመ። በመዝገቡ ላይ ከሰፈሩት ጉዳቶች አንዱ እንዶድ ዓይንን የሚያስቆጣ መሆኑ ነበር። የደረቀ እንዶድ የወቀጠች እናት ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አላስፈለጋትም፤ ዱቄቱ እንደሚያስነጥስና እንደሚያስለቅስ ታውቃለች። ቢሆንም መመርመሩ ትክክል ነበር። ለብዙ ሰው የሚደርስ ነገር በቁጥር መታወቅ አለበት።

ጥያቄው የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። የአገር ሴቶች ለትውልድ የታጠቡበት ፍሬ በዓይንና በቆዳ ላይ ምን እንደሚያደርግ ሳይመረመር አይፈቀድም ከተባለ፣ ትናንት በበርሜል ገብቶ፣ ዛሬ በጓሮ ተበጥብጦ፣ ነገ በሃይላንድ የሚሸጠው ለምን ያለ ምርመራ ያልፋል? እርግጥ እንዶድ የተመረመረው ወንዝ ውስጥ ሊጨመር ስለታሰበ ነው፤ ላርጎ ደግሞ ለሰሃን ነው። ሆኖም ላርጎው ከሰሃን ማጠቢያው ተነሥቶ የሚሄደው ወደ ቦዩና ወደ ወንዙ ነው። በመንገዱም መጀመሪያ የሚያልፈው በሰው እጅ ላይ ነው። ሚዛኑ ለአገር ተክል አንድ፣ ለመጣ ኬሚካል ሌላ ሊሆን አይገባም።

◆ አዊ ላይ ለምን ይብሳል?

እንጅባራ ከባሕር ጠለል ከ2,500 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ናት። ጠዋቷ ብርድ ነው፤ ውኃዋ ይቆረጥማል። ዳንግላም ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። ደረቅ ብርድ ብቻውን ቆዳን ያደርቃል። በዚያ ላይ በቀዝቃዛ ውኃ ሳሙናን አጥቦ መጨረስ ስለሚከብድ ከእጅ ላይ ሳይለቅ የሚቀረው ይበዛል። ጓንት የምታደርግ ልብስ አጣቢ ጥቂት ናት። ቫዝሊን የምትገዛበት ብር ደግሞ ልብስ ከማጠቧ የምታገኘው ያው ብር ነው።

ሁለተኛው ምክንያት እግር ነው። በባዶ እግር ከቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ጋር ለረጅም ጊዜ በመነካካት የሚመጣው የእግር እብጠት፣ ሕዝቡ በተለምዶ ዝሆኔ ከሚላቸው አንዱ፣ ሳይንሱ ፖዶኮኒዮሲስ ይለዋል። በሽታው የሚበዛው ከፍታ፣ ብዙ ዝናብና የእሳተ ገሞራ አፈር በተገናኙበት ደጋ ነው። ከሦስቱ በአዊ የሚጎድል የለም፤ የዘንገና ሐይቅ ራሱ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ነው። ለዚህ በሽታ የሚሰጠው ዋናው እንክብካቤ ክኒን አይደለም። እግርን በየቀኑ በውኃና በሳሙና ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው።

ይህ እንክብካቤ ውጤት እንዳለው በጎጃም ተረጋግጧል። በምሥራቅ ጎጃም በ696 ሕሙማን ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ እንክብካቤውን ወዲያው የጀመሩት በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ ሕመሙ ሲነሣባቸው፣ ቆይተው የጀመሩት 23.9 ጊዜ እንደተነሣባቸው አሳይቷል። ሕመሙ ሲነሣ ሰው ከአልጋ አይነሣም። ስለዚህ ሳሙና ለዚህ ሰው መድኃኒት ነው። አሁን መድኃኒቱ ስም ከሌለው ሃይላንድ የተቀዳ፣ ሶዳው የበዛበት ላርጎ ነው እንበል። የተሰነጠቀውን ቆዳ ለመዝጋት የተገዛው ነገር ስንጥቁን ያሰፋዋል። ጤና ባለሙያ «እግርህን በሳሙና እጠብ» ብሎ ሲመክር፣ የትኛው ሳሙና የሚለውን ገበያው ይመልሰዋል። ገበያው ደግሞ አልለካውም።

ሦስተኛው ምክንያት ዓይን ነው። የአማራ ክልል ትራኮማ ክፉኛ ካጠቃቸው የዓለም አካባቢዎች አንዱ ነው። ትራኮማን ለመከላከል ከሚመከሩት አራት ነገሮች አንዱ የልጆችን ፊት ንጹሕ ማድረግ ነው። ዓይኑ በሳሙና የተቃጠለ ልጅ ነገ ፊቱን ለመታጠብ ይሸሻል። ወላጅም ይተወዋል። ያልተለካ ሳሙና የጤና ዘመቻን ከውስጥ እንዲህ ይበላዋል።

◆ «አገር እየነደደ ስለ ሳሙና?»

የመጀመሪያው ተቃውሞ ይህ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ክልሉ በግጭት ውስጥ ነው፤ ሰው ስለ ሕይወቱ በሚጨነቅበት ጊዜ ስለ እጅ መላጥ ማውራት ቅንጦት ይመስላል። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። መንገድ ሲዘጋና ዋጋ ሲንር ሰው ከታሸገው ወደ ሚቀዳው ይወርዳል። ባል የሞተባት ወይም ከቀዬዋ የተፈናቀለች ሴት ከምታገኛቸው ጥቂት ሥራዎች አንዱ የሰው ልብስ ማጠብ ነው። እጇ የምትበላበት መሣሪያ ነው። እጇ ሲቆስል ገቢዋ ይቆማል። ይህ ቅንጦት ከሆነ እንጀራም ቅንጦት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የወጣቶች ሥራ ነው። በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተው ፈሳሽ ሳሙና የሚያመርቱ ወጣቶች ላይ ምርመራ መጫን ሥራቸውን መዝጋት ነው ይባላል። ይህ ክርክር በቁም ነገር መወሰድ አለበት፤ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ ከሚመጣ ውድ ምርት ይልቅ እዚያው የተሠራ ርካሽ ሳሙና ለአዊ ይጠቅማል። ነገር ግን መለካት የሚጎዳው በግምት የሚበጠብጠውን ነው እንጂ በልክ የሚሠራውን አይደለም። ዛሬ በትክክል መዝኖ የሚሠራ ወጣትና በዓይን ግምት የሚደፋ ሰው በአንድ ዋጋ፣ በአንድ ዓይነት ሃይላንድ ይሸጣሉ። ገዢው ሊለያቸው አይችልም። ምርመራ ለሐቀኛው አምራች የመጀመሪያው ማስታወቂያ ነው። ከሁሉ በፊት የሚጠብቀውም እሱን ራሱን ነው፤ ኮስቲክ ሶዳ በዱላ የሚያማስለው፣ ላብሳ የሚገለብጠው እሱ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ «ሳሙና ድሮም እጅ ይበላል» የሚል ነው። ድሮ የነበረ ሁሉ ልክ ቢሆን ኖሮ ትራኮማም፣ ዝሆኔም ድሮ የነበሩ ናቸው።

አራተኛው ተቃውሞ ከሁሉም የሚደጋገመው ነው፦ «ይህ ዓይነቱ ምርመራ የአውሮፓ ላቦራቶሪ ይፈልጋል፤ እኛ አቅም የለንም።» ይህኛው መልስ የሚሰጠው በንግግር ሳይሆን በዝርዝር ነው።

◆ ከወረቀት እስከ ከብት ዓይን

አንደኛ ደረጃ፦ የፒኤች ወረቀት። ዓለም አቀፉ የኬሚካሎች ምደባና መለያ ሥርዓት እንደሚለው፣ ፒኤቹ 2 እና ከዚያ በታች፣ ወይም 11.5 እና ከዚያ በላይ የሆነ ፈሳሽ ሌላ ማስረጃ ካልተገኘለት በቀር ቆዳና ዓይን እንደሚበላ ይቆጠራል። ለዚህ ውሳኔ ጥንቸል አያስፈልግም። ቀለሙን የሚቀይር ቁራጭ ወረቀት ይበቃል። በንግድ ጽሕፈት ቤት ተቆጣጣሪ ኪስ ውስጥ የሚገባ፣ በገበያ መሐል በአንድ ደቂቃ የሚነበብ ነገር ነው። ወረቀቱ ሁሉንም አይነግርም፤ ፒኤቹ 7 ሆኖም የሚያስቆጣ ሰርፋክታንት አለ። ቢያንስ ግን አደገኛውን ጀሪካን ከመደርደሪያ ያወርዳል።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ሚዛንና መዝገብ። ምን ያህል ላብሳ፣ ምን ያህል ሶዳ፣ ምን ያህል ውኃ ገባ? በየድፍድፉ ተጽፎ፣ ጠርሙሱ ላይ ቁጥር ተሰጥቶት መቀመጥ አለበት። እጅ የተላጠባት ሴት ጠርሙሷን ይዛ ስትመጣ የትኛው ድፍድፍ እንደሆነ የሚታወቀው በዚህ ብቻ ነው።

ሦስተኛ ደረጃ፦ የበቆሎ ፕሮቲን። ዜይን የተባለው የበቆሎ ፕሮቲን በውኃ አይሟሟም። በሰርፋክታንት ውኃ ውስጥ ግን ይሟሟል፤ ሰርፋክታንቱ በቆዳ ላይ በከፋ ቁጥር ብዙ ዜይን ይሟሟል። ይህ ዘዴ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በሳሙና ኢንዱስትሪ የታወቀ ነው። የተሟሟውን መጠን ለማወቅ የሚለካው ናይትሮጅን ነው፤ የእህልና የመኖ ፕሮቲን የሚለካበት ያው አሠራር። ዘዴው ሁሉንም ዓይነት ሰርፋክታንት እኩል አይመዝንም፤ ለመጨረሻ ፍርድም አይበቃም። ሁለት ድፍድፎችን አነጻጽሮ የቱ ለእጅ እንደሚለዝብ ለማወቅ ግን ይጠቅማል። በቆሎ በሚዘራበት አገር ይህን ለመሞከር የአውሮፓ ፈቃድ አያስፈልግም።

አራተኛ ደረጃ፦ እንቁላልና የቄራ ዓይን። ዘጠኝ ቀን የታቀፈ የዶሮ እንቁላል ውስጥ ባለው የደም ሥር የበዛበት ሽፋን ላይ ፈሳሹ ይደረግና ለአምስት ደቂቃ መድማቱና መርጋቱ ይታያል፤ ዓይን ላይ የሚሆነውን ለመገመት ይረዳል። ከዚህ የሚከብደው፣ ኦኢሲዲ እ.ኤ.አ. በ2009 መመሪያ ያደረገው ዘዴ ነው። ለሥጋ ከታረደ ከብት የተወሰደ የዓይን ብሌን ላይ ፈሳሹ ይደረጋል፤ ብሌኑ ምን ያህል እንደደበዘዘና ምን ያህል እንዳሳለፈ በመሣሪያ ይለካል። ለሙከራ ተብሎ የሚታረድ እንስሳ የለም። መሣሪያውና ሠልጣኙ ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ ብሌኑ ግን በየቄራው የሚጣል ነው። ለቆዳም ኦኢሲዲ በ2010 በላቦራቶሪ በሚያድግ የሰው ቆዳ ሕዋስ የሚሠራ መመሪያ አውጥቷል። እሱ ውድ ነው፤ ለእንጅባራ የዛሬ ጉዳይ አይደለም።

ስለዚህ «አቅም የለንም» የሚለው ቃል ለአራተኛው ደረጃ በከፊል እውነት ሊሆን ይችላል። ለአንደኛውና ለሁለተኛው ግን ሰበብ ነው። መሰላል የሚወጣው ከታችኛው እርከን ነው፤ የላይኛው ሩቅ ነው ብሎ የታችኛውን አለመርገጥ አቅም ማጣት አይባልም።

◆ ማን ምን ያድርግ?

ሕግ ጨርሶ የለም ማለት አይቻልም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ መዋቢያዎችን በቁጥጥር ሥር ያደርጋል። ነገር ግን በሕይወት ውስጥ አንዱ ሃይላንድ ሁሉንም ነው፦ ጠዋት የሰሃን ማጠቢያ፣ ቀን የልብስ፣ ማታ የእግርና የጭንቅላት። መዋቢያ ነው ወይስ የቤት ዕቃ? አንዱ ቢሮ የሌላው ነው ሲል ጠርሙሱ በመካከል ያልፋል።

የዞኑ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሊጀምር የሚችለው ነገር ግልጽ ነው። የአምራች ስም፣ የድፍድፍ ቁጥርና ቀን የሌለው ፈሳሽ ሳሙና አይሸጥ። ተቆጣጣሪው የፒኤች ወረቀት ይያዝ። ውጤቱ ከልክ ያለፈ ጀሪካን ይመለስ፤ አምራቹም ከመቀጣቱ በፊት እንዴት እንደሚያስተካክል ይማር።

የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ተማሪ ለመመረቂያ ጥናቱ ርዕስ ሲፈልግ ከግቢው በር ውጭ ያለው ገበያ ይበቃዋል። ከእንጅባራና ከዳንግላ ሱቆች የተገዛ ላርጎ ፒኤቹ ስንት ነው? የቀረው አልካሊ ምን ያህል ነው? ዜይን ምን ያህል ያሟሟል? የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ከፍ ያለውን ደረጃ ሊይዝ ይችላል። ዶክተር አክሊሉ ለማ የዛሬ ስድሳ ዓመት በወንዝ ዳር የልብስ አጣቢዎችን ሥራ ዝቅ አድርገው ቢያዩት ኖሮ ያን ግኝት አያገኙም ነበር።

ጤና ጣቢያውም ድርሻ አለው። እጇ ተሰነጣጥቆ የመጣችን ሴት «በምን ታጥቢያለሽ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን መዝገብ ላይ መጻፍ ምንም አያስወጣም። ዛሬ ጉዳቱ በቁጥር የማይታወቀው ስላልደረሰ አይደለም፤ ጠይቆ የጻፈ ስለሌለ ነው። ያልተጻፈ ጉዳት ደግሞ በበጀት ጊዜ የለም ማለት ነው።

በጠርሙሱ ላይ ሊጻፍ የሚገባው ከአራት መስመር አይበልጥም፤ በአዊ ደግሞ በአማርኛም በአውንጊም ሊሆን ይገባል፤ ልጆች በአውንጊ በሚማሩበት ዞን ማስጠንቀቂያ በአውንጊ የማይጻፍበት ምክንያት የለም። በውስጡ ያለው ምንድን ነው? ፒኤቹ ስንት ነው? ለምን ይውላል፣ ለምን አይውልም? ዓይን ውስጥ ቢገባ ምን ይደረግ? የመጨረሻው መልስ በየቤቱ መታወቅ አለበት። ወዲያውኑ የዓይንን ሽፋሽፍት በጣት ከፍቶ ይዞ፣ በንጹሕ ውኃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ሳያቋርጡ ማጠብ፤ ከዚያ ወደ ጤና ተቋም መሄድ። ሎሚም ሆነ ወተት ጠብ ማድረግ አያስፈልግም፤ የሚባክነው ደቂቃ ነው፤ አልካሊ ደግሞ ደቂቃ አይጠብቅም።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። እዚህ ቅጠሉ ቀለሙን የሚቀይር ቁራጭ ወረቀት ነው። እሱን ገዝቶ ለተቆጣጣሪ መስጠት የዞኑን በጀት አያናጋም። ይህም ካልተደረገ፣ በእንጅባራና በዳንግላ የሳሙና ምርመራ ቀደም ሲል እንደነበረው ይቀጥላል፦ በልብስ አጣቢዋ እጅ፣ በሕፃኑ ዓይን፣ ያለ መዝጋቢ።